አንድ ጂን ይበቃል ወይስ ሙሉ ጂኖም? ስለ ባቢሌና ስለ ድሬዳዋ መዥገሮች

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም፤ የእንስሳት ሕክምና የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከባቢሌ ገበያ ግመሎችና ከሰፈራችን ውሾች ላይ መዥገር ሰብስቤያለሁ። አማካሪዬ ኮክስ-አንድ የሚባለውን ጂን ብቻ አንብቢ ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ሙሉው የማይቶኮንድሪያ ጂኖም ካልተነበበ የዝግመተ ለውጥ ዝምድናው አይታወቅም ይላሉ። የአንዳንድ መዥገሮች ጂኖች ቦታ ተቀያይሯል የሚባለውስ ምን ማለት ነው? ለእኔ ሥራ ይጠቅመኛል?»

እህቴ፣ ሁለቱም ወገን ልክ ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ነው የተለያየው። አማካሪሽ «ይህች መዥገር ማን ናት?» ለሚለው እየመለሰልሽ ነው። ጓደኞችሽ ደግሞ «የማን ዘመድ ናት?» ለሚለው። ለመጀመሪያው ከማይቶኮንድሪያ ጂኖች አንዱ ከሆነው ከኮክስ-አንድ ከ650 የዲኤንኤ ፊደል ትንሽ የሚበልጥ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለሁለተኛው፣ በተለይ ዝምድናው ሩቅ ሲሆን፣ አይበቃም። አንቺ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትጠይቂ ገና የወሰንሽ አልመሰለኝም፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መወሰን ያለበት ግን እሱ ነው።

ጥያቄሽን ሌላም ሰው ስለሚያነበው ከሥሩ ልጀምር። ድሬዳዋ ተወልዶ ሶማሌ ጎረቤት የሌለው ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አብቲርሲን እናውቃለን። ልጁ ገና ጥርሱን ሳይነቅል የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እየተከታተለ ይቆጥራል። የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ፣ ማለትም በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ክፍሎች ለብቻቸው የያዙት ዲኤንኤ፣ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እናት፣ የእናት እናት፣ የእናት እናት እናት እያለ ይቆጥራል እንጂ አባትን አያውቅም። በየትውልዱ ከአባት ወገን ጋር ስለማይቀላቀል የዘር ሐረጉን መከተል ይቀላል። በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ደግሞ ከአንዲት ትንሽ እግርም ቢሆን ይገኛል። የመዥገር ዝምድና አጥኚዎች ከሁሉ በፊት ወደ እሱ የሮጡት ለዚህ ነው።

የመዥገር የማይቶኮንድሪያ ጂኖም ክብ ነው፤ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ14,400 እስከ 15,000 ፊደል አካባቢ። 37 ጂኖች አሉት፦ 13ቱ የፕሮቲን፣ 22ቱ የትራንስፈር አርኤንኤ (አሚኖ አሲዶችን ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚያመጡ)፣ ሁለቱ የራይቦሶም አርኤንኤ (የመሥሪያው አካል)። ከእነዚህ ውጪ ጂን የሌለበት «መቆጣጠሪያ ክልል» የሚባል ቦታ አለ። የእኛም የሰዎች ማይቶኮንድሪያ 37 ጂን ነው ያለው፤ ስለዚህ ለዝምድና የሚጠቅመው ቁጥሩ አይደለም። የሚጠቅሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ፊደሎቹ እና የጂኖቹ ተራ።

የሁለቱን ልዩነት በባቡር ላስረዳሽ። የቀድሞውን ምድር ባቡር የተሳፈረ የድሬዳዋ ሰው ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱትን ጣቢያዎች በቃሉ ይጠራል፤ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ። ሁለት ሰዎች የጻፏቸው ሁለት የጣቢያ ዝርዝሮች እጅሽ ገቡ እንበል። በሁለቱም «ሚኤሶ» የሚለው «ሜኤሶ» ተብሎ ተሳስቷል። ይህ ብዙም አያስገርምም፤ ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ ሊስቱት የሚችሉት ፊደል ነው። ነገር ግን ሁለቱም ሚኤሶን ከኤረር በፊት ካስቀመጡት፣ ሁለቱ ከአንድ ወረቀት እንደገለበጡ ትጠረጥሪያለሽ። በዲኤንኤም እንዲሁ ነው። የፊደል ለውጥ በየጊዜው ይከሰታል፣ በተለያየ ዘርም ይደገማል። የጂን ተራ መቀየር ግን ብርቅ ነው፤ በሁለት ዘሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ከአንድ እናት የተወረሰ ነው ማለት ይቀላል።

ይህ የታየው በ1998 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ብላክ እና ሮርዳንዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የሁለት መዥገሮችን ሙሉ የማይቶኮንድሪያ ጂኖም አነበቡ፤ አንዷ በአውሮፓ በጃርት ላይ የምትገኘው ኢክሶደስ ሄክሳጎነስ፣ ሁለተኛዋ ቡናማዋ የውሻ መዥገር ሪፒሴፋለስ ሳንጉዊኒየስ። የኢክሶደሷ ተራ ሊሙለስ ከሚባለው ጥንታዊ የባሕር እንስሳ ተራ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ የአርትሮፖዶች የጥንት ተራ ነው ተብሎ ይታመናል። የውሻዋ መዥገር ግን ሌላ ሆነች። በጥንቱ ተራ ጎን ለጎን በሚቆሙት በግሉታሚክ አሲድና በፌኒልአላኒን ትራንስፈር አርኤንኤዎች መካከል፣ ናድ-አንድ የተባለው ጂንና ሁለቱም የራይቦሶም ጂኖች ያሉበት ትልቅ ቁራጭ ገብቷል። የሲስቲን ትራንስፈር አርኤንኤ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ አቅጣጫውም ተገልብጧል። መቆጣጠሪያ ክልሉም አንድ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሆኗል። ያነበብሽው «የጂኖች ቦታ ተቀያይሯል» የሚለው ነገር ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ ዝርያዎች ሲነበቡ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። ጠንካራዎቹ፣ ማለትም ጀርባቸው ላይ ጋሻ ያላቸው መዥገሮች በሁለት ይከፈላሉ፦ ፕሮስትሪያታ፣ ማለትም ኢክሶደስ ብቻ፤ እና ሜታስትሪያታ፣ ማለትም የቀሩት፣ ሃያሎማ፣ ሪፒሴፋለስ፣ አምብሊዮማ፣ ሄማፊሳሊስና ሌሎችም። ክፍፍሉ ከዲኤንኤ ዘመን በፊት የወጣ ነው፤ መለያው በፊንጢጣ ዙሪያ ያለው ቦይ ነው። በኢክሶደስ ቦዩ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ይዞራል፤ በሌሎቹ ከኋላ ይዞራል፣ ወይም ጭራሽ አይታይም። የተቀየረው የጂን ተራ በሜታስትሪያታ እንጂ በኢክሶደስ አልተገኘም። በአጉሊ መነጽር የሚታይ ቦይና በማሽን ብቻ የሚነበብ ተራ አንድ ነገር ሲመሰክሩ ማየት፣ ለእኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ደስታዎች ትልቁ ነው። ይህን ለተማሪ ሳሳይ ቦዩን ራሳቸው ካላዩት ወደ ኮምፒውተሩ አላስጠጋቸውም።

ታዲያ የአንቺ ናሙናስ? እዚህ ላይ ጓደኞችሽ የዘነጉት ነገር አለ። ባቢሌ ግመል ላይ የምታገኚያቸው በአብዛኛው ሃያሎማ ድሮሜዳሪ፣ ሃያሎማ ሩፊፔስ፣ ሃያሎማ ትሩንካተም፣ ሪፒሴፋለስ ፑልቼለስ፣ አምብሊዮማ ጌማ የመሳሰሉት ናቸው። ውሾቹ ላይ ደግሞ የቡናማዋ መዥገር ዘመዶች። ሁሉም ሜታስትሪያታ ናቸው! የተቀየረውን ተራ ሁሉም ተሸክመዋል። ስለዚህ አንዱን ሃያሎማ ከሌላው ለመለየት የጂን ተራ ምንም አይነግርሽም፤ ሁሉም ከአንድ ወረቀት የተገለበጡ ናቸውና። ተራው የሚናገረው ስለ ግንዱ ትላልቅ ቅርንጫፎች ነው፤ አንቺ የያዝሽው ቅጠሎቹን ነው። ለቅጠል ወደ ፊደሎቹ መመለስ የግድ ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። ግመሎች በሚያርፉበት የዛፍ ጥላ ሥር አሸዋ ውስጥ ተቀብራ የምትቆይ፣ እንስሳ ሲተኛ ወጥታ ደም ጠጥታ የምትመለስ ለስላሳ መዥገር አለች፤ ኦርኒቶዶሮስ ሳቪኚ። በገበያ ላይ ከግመል ገላ ስትለቅሚ አታገኚያትም፤ ማረፊያውን መቆፈር አለብሽ። ለስላሳዎቹ መዥገሮች የጥንቱን ተራ ጠብቀዋል። አንድ ሁለት ካገኘሽ ለዝምድና ዛፍሽ ከቡድኑ ውጪ የሆነ ማነጻጸሪያ እዚሁ አገርሽ ውስጥ አለሽ ማለት ነው፤ የሌላ አገር ዳታ ከመበደር ይሻላል። የሶማሌ እረኞች የት እንዳለች በደንብ ያውቃሉ። ስትጠይቂ ግን «ሺሊን» የሚለው ቃል ጠንካራዋንም ስለሚጨምር፣ የአሸዋዋን እንደምትፈልጊ በግልጽ ንገሪያቸው። በኦሮምኛ «ስልሚ» ስትዪም እንዲሁ ነው።

ከጠንካራዎቹና ከለስላሳዎቹ ቤተሰቦች ውጪ ሦስተኛ አለች፤ ዝርያዋ አንድ ብቻ፣ ናታሊየላ ናማኳ። ስሟ የወጣው በ1931 ነው፤ የምትገኘውም በደቡብና በምሥራቅ አፍሪካ ነው። ጠንካራዎቹንም ለስላሳዎቹንም የምትመስልበት ነገር አላት። የማይቶኮንድሪያ ጂኖሟ በ2012 ሲታተም የጥንቱን ተራ ይዛ ተገኘች፤ በፊደል ትንተናም ከዛፉ ሥር አጠገብ ተቀመጠች። መዥገር ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነች ለመገመት ደግሞ ከምያንማር የተገኘውን ሙጫ አስቢ፤ ወደ 99 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው ነው፣ በውስጡ ከዳይኖሰር ላባ ጋር የተጣበቀች መዥገር ተገኝታለች። የእኛ ግመል ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው።

አሁን ወደ ፊደሎቹ። ሙሉ ጂኖም ስታነቢ ወደ 15,000 ፊደል ታገኛለሽ፤ ይህ ከ650 ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው። ግን ብዛቱ አያታልልሽ። የመዥገር ማይቶኮንድሪያ በኤ እና በቲ የተሞላ ነው፤ ከመቶ ከ70 ያልፋል፣ በአንዳንዶቹ ወደ 80 ይጠጋል። አራት ፊደል ያለው ቋንቋ በሁለት ፊደል ብቻ ሲጻፍ አስቢው። አንድ ቦታ ተደጋግሞ ሲቀየር ከኤ ወደ ቲ፣ ከቲ ወደ ኤ እየተመላለሰ የቀድሞውን አሻራ ያጠፋዋል። በተለይ የእያንዳንዱ ሦስት ፊደል ቃል ሦስተኛ ቦታ በፍጥነት ተደጋግሞ ስለሚቀየር፣ ለሩቅ ዝምድና ያን ቦታ ጥለሽ ወይም ወደ አሚኖ አሲድ ተርጉመሽ ብትሠሪ ይሻላል። ስትተረጉሚ የአከርካሪ አልባዎችን የማይቶኮንድሪያ ኮድ ምረጪ። በዚያ ኮድ ዩጂኤ ማቆሚያ መሆኑ ቀርቶ ትሪፕቶፋን ነው። በተለመደው ኮድ ከተረጎምሽ ጂኑ መሀል ላይ በማቆሚያ ይሞላና ትደነግጫለሽ። በትክክለኛው ኮድ ተርጉመሽም ማቆሚያ መሀል ላይ ከወጣ ግን መደንገጥ ይገባሻል፤ ያነበብሽው የሴሉ ዋና ዲኤንኤ ወዳለበት ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ የሞተ የማይቶኮንድሪያ ቅጂ ሊሆን ይችላል።

ፊደሎቹ ትልቅ ነገር የሠሩበትን አንድ ጉዳይ ልንገርሽ፤ የእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሁሉ ይመለከተዋል። ሁላችንም «ቡፊለስ» እያልን የተማርነው፣ በአንድ ከብት ላይ ሕይወቱን ሁሉ የሚጨርሰው መዥገር ራሱን የቻለ ጂነስ (የቅርብ ዝርያዎች ስብስብ) ነበር። የማይቶኮንድሪያም ሌሎችም ጂኖች ሲነጻጸሩ ቡፊለሶች ከሪፒሴፋለስ ውስጥ እንደ አንድ ቅርንጫፍ ወጡ፤ አንዳንድ ሪፒሴፋለሶች ከሌሎች ሪፒሴፋለሶች ይልቅ ለቡፊለስ ይቀርባሉ። በ2003 ጂነሱ ተዘግቶ ሪፒሴፋለስ ውስጥ ተጨመረ፤ የእኛ አገሯም ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ ተባለች። መምህራን ሳይቀሩ እስከ ዛሬ የድሮውን ስም ይጠራሉ። እኔም ከብት አርቢ ፊት «ቡፊለስ» እላለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን አልጽፈውም። እግረ መንገዴን፣ የዚሁ ቡድን አባል በሆነችው በሪፒሴፋለስ ማይክሮፕለስ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የናድ-አንድ ጫፍና አንድ ትራንስፈር አርኤንኤ አምስት ጊዜ ተደጋግመው ተገኝተዋል። የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ ስሕተት መስሎት ሊያጣጥፈው ይችላል፤ ክቡ ከተጠበቀው ቢያጥርብሽ ይህን አስታውሺ።

የውሾችሽ ነገር ደግሞ ከግመሎቹ ይልቅ ያጓጓኛል። ለብዙ ዘመን በዓለም ዙሪያ ያለች ቡናማ የውሻ መዥገር ሁሉ «ሪፒሴፋለስ ሳንጉዊኒየስ» ትባል ነበር። የማይቶኮንድሪያ ፊደሎች ሲነበቡ ቢያንስ ሁለት ዘር ሆነው ተገኙ፤ የቀዝቃዛ አገርና የሞቃት አገር። በ2018 ሳንጉዊኒየስ የሚለው ስም ለቀዝቃዛ አገሯ ተወሰነ። በ2022 ደግሞ የሞቃት አገሯ በ1826 የወጣላትን ስም መልሳ አገኘች፤ ሪፒሴፋለስ ሊንያይ። ድሬዳዋ ሞቃት ነው፣ ሐረር ወይና ደጋ ነው፤ በሁለቱ መካከል የደንገጎ ዳገት አለ። በመኪና የአንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ነው። ከሁለቱም ከተማ ውሾች ብትለቅሚ፣ በኮክስ-አንድ ብቻ ጥሩ ጥያቄ መመለስ ትችያለሽ። ምን እንደምታገኚ አስቀድሜ አልነግርሽም፤ ግን ከልማድ የተነሣ «ሳንጉዊኒየስ» ብለሽ ሠንጠረዥሽን አትሙዪ። ጂን ባንክ በሚባለው የዲኤንኤ ፊደሎች ማኅደር ውስጥም በድሮው ስም የተቀመጡ ብዙ ፊደሎች አሉ። ማሽኑ «99 ከመቶ ይመሳሰላል» ሲልሽ፣ የተመሳሰለው ከፊደሉ ጋር እንጂ ከስሙ ጋር አይደለም። ስሙን የሰጠው ሰው ተሳስቶ ከሆነ አንቺም አብረሽ ትሳሳቺያለሽ።

ከግመሎቹ ደግሞ ሪፒሴፋለስ ፑልቼለስን አትናቂያት። ጀርባዋ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ቡናማና የዝሆን ጥርስ መልክ አላት፤ በዓይን ትለያለች። በአገራችን በዋናነት ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ የምትገኝ የእኛ መዥገር ናት። ሸለቆው ዘሯን ከፍሎ እንደሆነ ለማወቅ የእናት ሐረግ የሚቆጥር ዲኤንኤ ተስማሚ ነው።

ስለ እናት ሐረግ ካነሣሁ ድክመቱንም ልናገር። ሁለት ዝርያዎች ከተዳቀሉ ማይቶኮንድሪያው የእናቲቱን ወገን ብቻ ይናገራል፤ ልጆቿ ከአባታቸው ዝርያ ጋር ሲዳቀሉ ቢኖሩም የእርሷ ማይቶኮንድሪያ ይቀጥላል። ሌላም አለ፤ በኢክሶደስ ሪሲነስ ውስጥ ሚዲክሎሪያ የተባለ ባክቴሪያ በእንቁላል ማቀፊያዋ ሴሎች ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ይኖራል፣ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። ከእናት የሚወረስ ባክቴሪያ በሕዝቡ ውስጥ በፍጥነት ከተስፋፋ አብሮት ያለውን ማይቶኮንድሪያ ይዞ ሊስፋፋ ይችላል። ስለዚህ ዛፍሽ በጣም ያጠረና የጠራ ቅርንጫፍ ቢያሳይሽ ቶሎ አትደሰቺ፤ አንድ የኒውክሊየስ ዲኤንኤ ክፍል፣ ለምሳሌ አይቲኤስ-ሁለትን፣ አብረሽ አንብቢ። ከአስር ተጨማሪ የማይቶኮንድሪያ ጂኖች ይልቅ እሱ ይጠቅምሻል፤ 37ቱም አንድ ላይ ስለሚወረሱ ምስክርነታቸው የአንድ ሰው ምስክርነት ነው።

አሁን ወደ ቱቦውና ወደ አልኮሉ። እኔ ራሴ ስጀምር ከግመል ጡት ሥር የነቀልኳቸውን ደም ጠጥተው ያበጡ ሴቶች ሙሉ ገላቸውን ፈጭቼ ላክሁ። ውጤቱ ሲመጣ ያማረ ጂኖም ነበር፤ የግመል ጂኖም። ሆዷ ውስጥ ያለው ደም ከእርሷ ይበዛል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ሄም የሚባለው ቀይ ነገርም ፒሲአሩን፣ ማለትም ዲኤንኤ የማባዛቱን ሥራ፣ ያውካል። ስለዚህ ያላበጠ ወንድ ካገኘሽ እሱን ምረጪ፤ ሴት ብቻ ካለሽ አንድ ወይም ሁለት እግር ቁረጪ፤ የቀረው ገላ ይቀመጥ። ሁለተኛው ጥፋቴ ድሬዳዋ ላይ ናሙናውን ክዳኑ በሚሾልክ ቱቦ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ትቼ መሄዴ ነው። ከሁለት ወር በኋላ አልኮሉ ተንኖ መዥገሮቹ እንደ ደረቅ ምስር ሆነው ጠበቁኝ። 95 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ኢታኖል ተጠቀሚ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ቀይሪው፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪ። ፎርማሊን ዲኤንኤውን ይሰባብረዋል። አረቄም አይሆንም፤ ይህን የምለው ሞክሮ ያየ ተማሪ ስለነበረኝ ነው።

ጓንት ሳታደርጊ አትልቀሚ፣ በጥፍርሽም አታፍርጪ። ሃያሎማዎች የክሪሚያን-ኮንጎ የደም መፍሰስ ትኩሳት ቫይረስ ዋና አስተላላፊዎች ናቸው። በገበያ ላይ ብዙ ሰው በጣቱ ሲነቅልና ሲጨፈልቅ ታያለሽ፤ አንቺ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ያዢና ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ካልቸኮልሽ አፏም ሳይሰበር ይወጣል፤ ዝርያ ለመለየት አፏ ያስፈልግሻል።

ስለ ገንዘቡ እንዲህ ብታደርጊ እመርጣለሁ። ሁሉንም በመልክ ለዪ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂት ጥቂቱን በኮክስ-አንድ አንብቢ። በመልክ አንድ የሚመስሉ ግን በፊደል የተለያዩ፣ ወይም ተቃራኒው የሆኑ ካገኘሽ፣ ከእነዚያ ብቻ አራት አምስቱን ለሙሉ ጂኖም ምረጪ። ለሙሉው ጂን በጂን በፒሲአር መሄድ ዛሬ ድካም ነው፤ ጠቅላላ ዲኤንኤውን በጥቂቱ አስነብበሽ ከውስጡ ማይቶኮንድሪያውን መልቀም ይቀላል፤ ቅጂው ብዙ ስለሆነ ራሱ ይወጣል። አማካሪሽ ይህን የሚቃወም አይመስለኝም፤ «አንድ ጂን» ያለሽ በጀትሽን አይቶ ሊሆን ይችላል።

እግሯን ከመቁረጥሽ በፊት እያንዳንዷን መዥገር ከጀርባም ከሆድም በኩል ፎቶ አንሺ፣ በእርሳስ ቁጥር ጽፈሽ ወረቀቱን ከራሷ ጋር ቱቦው ውስጥ ክተቺ። ቀለሙን አልኮል ስለሚያጥበው በቢክ እስክሪብቶ አትጻፊ።